መጋዝ ያረፈበት ጣሪያ፦ የመኪና ሞዴሎችን ማሻሻል እንደ ንድፍ ሂስ

የዲትሮይት አካባቢው ኩባንያ ኤ.ኤም.ቲ. በ1958 ለገበያ ያወጣው ተገጣጣሚ የመኪና ሞዴል በአንድ ካርቶን ሦስት አማራጭ የያዘ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገዢው የእውነተኛዋን አንድ ሃያ አምስተኛ የምታህለውን መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጎ ሊገጥማት፣ ለእሽቅድድም ሊያዘጋጃት፣ ወይም በካሊፎርኒያ ጋራዦች እንደተለመደው መልኳን ሊለውጣት ይችል ነበር። ለሦስተኛው አማራጭ የሚያስፈልጉት ጌጣጌጦች ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኩባንያው ቀደም ሲል ለመኪና ሻጮች የማስተዋወቂያ ሞዴሎችን ሲያመርት ስለቆየ የቦዲው ሞልድ በእጁ ነበር። ያንኑ ቦዲ ሳይገጣጠም፣ ከተጨማሪ ዕቃዎች ጋር መሸጥ እንደ አዲስ ከመነሣት በብዙ የቀለለ ሥራ ነው።

ይህ ዓመት በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የፈጠራ ነጻነት የተበሰረበት ሆኖ ይታሰባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስቱንም አማራጮች አስቀድሞ የነደፈው ፋብሪካው ነው፤ ገዢው የመረጠው ከተመረጠለት ውስጥ ነው። የመኪና ሞዴል ማሻሻል ራሱን የቻለ ጥበብ የሚሆነው ሠሪው ካርቶኑ ያልሰጠውን ሲሻ፣ መመሪያውን ትቶ መጋዝ ሲያነሣ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞዴሉ የመኪናዋ ምስል መሆኑ ያበቃና በመኪናዋ ንድፍ ላይ የተሰጠ ሂስ ይሆናል።

የታሪክ ምሁሩ ስቲቨን ጌልበር በ1999 ባሳተመው የአሜሪካውያን የትርፍ ጊዜ ሥራዎች ጥናት፣ እነዚህ ሥራዎች የመሥሪያ ቤቱን ሥርዓትና ትጋት ወደ ሳሎን እንደሚያስገቡ ይከራከራል። ተገጣጣሚ ሞዴልን በመመሪያው መሠረት ለሚሠራ ሰው ሐሳቡ በትክክል ይገልጸዋል። ቁጥር አንድ ከቁጥር ሁለት ጋር ይጣበቃል፤ ሞተሩ ሻንሲው ላይ ይቀመጣል፤ ቦዲው በመጨረሻ ይደፋበታል። የፎርድ ፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመር በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእኛ ሰፈሮች ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩት መኪና ከዚህ የሚለየው መመሪያ ስለሌለው ነው፤ ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነዳፊም ገጣጣሚም ነው። ጌልበር ያላጠገበኝ ገጣጣሚው መስመሩን ጥሶ የሚወጣበትን ቦታ ሲያይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ረጋ ብሎ መቆም ያስፈልጋል።

የ1949ን ሜርኩሪ እንውሰድ። ይህች መኪና በካሊፎርኒያ ለዋጮች ዘንድ የተለየ ቦታ አላት፤ ሳም ባሪስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ሜርኩሪ ጣሪያ ቆርጦ ዝቅ ካደረገ ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል። የኤ.ኤም.ቲ. ሞዴሏም ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተደጋገመ ታትሟል። ከእውነተኛው መኪና ጣሪያ 10 ሴንቲ ሜትር መቀነስ ሞዴሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሠሪው የመስኮቶቹን ምሰሶዎች በወረቀት ፕላስተር ያስምራል፤ በቀጭን ምላጭ መጋዝም ይቆርጣል። መጋዙ ራሱ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢበላ በትልቋ መኪና ስሌት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነውና መስመሩን የሚያሰምረው ይህን አስቦ ነው።

ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የፊት መስታወቱ ምሰሶዎች ወደ ኋላ ያጋደሉ ስለሆኑ ጣሪያው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ከቀሩት ጉቶዎች ጋር አይገጥምም። ወይ ምሰሶዎቹ ይበልጥ ይጋደማሉ፣ ወይ ጣሪያው በአግድሙ ለሁለት ተቆርጦ መሐሉ ላይ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ይገባበታል። የኋላው ተዳፋት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ብቻውን ካልተቆረጠና ወደ ፊት እንዲያዘነብል ካልተደረገ መኪናዋ ከኋላ የተጎበጠች ትመስላለች። ከተገጣጣሚው ሞዴል (ከኪቱ) ጋር የመጣው መስታወት ከእንግዲህ አይሆንም፤ አዲሱ ከብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይቆረጣል። የስታይሪን ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ስለሚያዋህደው መጋጠሚያው እስኪጠነክር ቀናት መጠበቅ ግድ ነው። ስቱኮም ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፣ ቸኩሎ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው ሰው ከቀለም በኋላ ጠባሳው ብቅ ሲል ያየዋል።

ባትላሜራ ሠራተኛ ትልቋን መኪና ሲቆርጥ የሚያጋጥመው ችግር ይኸው ነው። ሞዴል ሠሪው የሜርኩሪን ነዳፊዎች ውሳኔ አንድ በአንድ ይፈትናል፦ ጣሪያው ለምን ይህን ያህል ከፍ አለ? የኋላው መስመር ከበሩ ጋር ለምን እዚህ ላይ ተገናኘ? መልሱን የሚያገኘው በመጋዙ ነው፤ አንዱን መስመር ሲነካ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ሲናጉ ንድፉ እንዴት እንደተያያዘ ይገለጥለታል። ይህን ሳያውቁ ሞዴሉን በልጅ መጫወቻነት መፈረጅ ትልቅ ጉድለት ነው።

በቀለም በኩል ያለው ችግር ደግሞ ትልቋ መኪና የማታውቀው ነው። ቦዲ ሲያንስ ቀለም አብሮ አያንስም። ሞዴሉ ላይ የተነፋ የ0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም በትልቋ ስሌት 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የበሮቹንና የኮፈኑን ክፍተት ይደፍናል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ ከቀለም በፊት መስመሮቹን በስለት ያጠልቃቸዋል። ብልጭልጭ ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ ለትልቅ መኪና የተዘጋጀው ሞዴል ላይ ሲነፋ ብልጭታው ጠጠር ያክላል፤ ደቀቅ ያለውን መፈለግ ያሻል። ትክክል መስሎ የሚታየው በስሌት ከተቀነሰው ይለያል፤ ሠሪው ለዓይን ሲል ከስሌቱ መውጣት አለበት። ልኬትን ብቻ የሚቆጥር ዳኛ ይህን ዓይነቱን ሥራ ሊበይንበት አይገባም እላለሁ።

አንትሮፖሎጂስቱ ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ በ1962 ባሳተመው ላ ፓንሴ ሶቫዥ በተባለ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ትንንሽ ሞዴሎች ያነሣው ሐሳብ ለዚህ ጉዳይ የቀረበ ነው። እንደ እርሱ አባባል ትልቅ ነገር ሲያንስ ከክፍሎቹ በፊት ሙሉነቱ ይታየናል። ከዚያም አልፎ፣ ሞዴል በእጅ የተሠራ በመሆኑ ሠሪው ከነበሩት አማራጮች መካከል የመረጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ያልተመረጡትን በዓይነ ልቡናው ያያቸዋል። የሥነ ጽሑፍ ተቺዋ ሱዛን ስቱዋርት በ1984 ባሳተመችው ኦን ሎንጊንግ ደግሞ ትንሹን ነገር ከናፍቆትና ከተዘጋ የግል ዓለም ጋር ታያይዘዋለች። የስቱዋርት ትንታኔ የአባቱን የ1957 ሼቭሮሌ እስከ ታርጋ ቁጥሯ ድረስ አስመስሎ ለሚሠራው ሰው ይስማማል። ጣሪያ ለቆረጠው ግን ሌቪ-ስትሮስ ይቀርበዋል፤ የፈለገው ኖራ የማታውቅ መኪናን ነውና ናፍቆት አይገልጸውም።

ኖራ የማታውቀው መኪና አንዳንዴ በእርግጥ ትወለዳለች። በ1968 ሞኖግራም ኩባንያ የቶም ዳንኤልን ንድፍ ሬድ ባሮን ብሎ አወጣ፤ ጣሪያዋ የጀርመን ወታደር የራስ ቁር፣ ሞተሯ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ሞተር ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዲትሮይቱ ቸክ ሚለር ፕላስቲኳን ተከትሎ ትልቋን ሠራ፤ በአውሮፕላኑ ሞተር ፈንታ ባለ ስድስት ሲሊንደር የፖንቲያክ ሞተር ገባላት። የተለመደው ጉዞ በተቃራኒው ነበር። የሳም ወንድም የጆርጅ ባሪስ መኪና አላ ካርት በ1958 እና በ1959 በኦክላንድ የአሜሪካ እጅግ ውብ ሮድስተር ሽልማትን ካገኘች በኋላ ወደ ኪት ተቀየረች፤ የሌላው መኪና ለዋጭ የኤድ ሮዝ ቢትኒክ ባንዲትም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሬቬል ኩባንያ በኩል በፕላስቲክ ታተመች። ጋዜጠኛው ቶም ዉልፍ በ1963 ኤስኳየር መጽሔት ላይ ጆርጅ ባሪስንና ሮዝን እንደ አርቲስት አድርጎ ሲጽፍ ብዙ አንባቢ ሳይገረም አልቀረም። ዉልፍ የተመለከተው ግን ጋራዡን ነው። የእነዚህ ሰዎች ቅርጽ በመላው አገሪቱ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በፕላስቲክ ነበር፤ የዚያ ሥርጭት ሂስ ገና በሚገባ አልተጻፈም።

ጠረጴዛው ለሁሉም ክፍት ነበር ማለት ግን አይቻልም። ጄኔራል ሞተርስ በ1930 የጀመረው የፊሸር ቦዲ የእጅ ባለሙያዎች ጊልድ ከ1937 ጀምሮ የራሳቸውን መኪና ነድፈው ሞዴሉን ለሚሠሩ ወጣቶች የትምህርት ዕድል ይሰጥ ነበር፤ የ1947ቱ አሸናፊ ቻርልስ ጆርዳን ኋላ የኩባንያው የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ውድድሩ በ1968 እስኪቋረጥ ድረስ ወንዶች ልጆች ብቻ ነበሩ የሚሳተፉት። የመኪና ነዳፊነት በር ከጠረጴዛ ላይ ሥራ የሚጀምር ከነበረ፣ ያ በር ለልጃገረዶች ተዘግቶ ነበር።

ሌላም ወሰን አለ። የካሊፎርኒያ ሕግ በ1958 ከጎማው ቸርኬ ጠርዝ በታች የሚወርድ መኪናን ከለከለ፤ መኪና ለዋጩ ሮን አጊሬ በ1959 መኪናውን በሃይድሮሊክ ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጎ ክልከላውን አለፈው። ሃይድሮሊኩ ከዚያ በኋላ የሜክሲኮ አሜሪካውያኑ የሎውራይደር (ዝቅ ብሎ የሚሄድ መኪና) ባህል መለያ ሆነ። የሎውራይደር ሞዴሎች የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፈት ፓምፑ፣ ባትሪዎቹና ሽቦዎቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ በትንንሽ ሞተር ተነሥተው ይዘላሉ። የተሠራው የመኪናዋ ውበት ብቻ አይደለም፤ ከመንገድ ፖሊስ ጋር የተደረገው የዘመናት እሰጥ አገባም አብሮ ገብቷል። ከሁሉም የማሻሻያ ዓይነቶች ይህ የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል።

ንድፉን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬ ወደ ሞልዱ ተመልሷል። ፋብሪካዎቹ የአንዱን ዓመት ሞልድ ለቀጣዩ ዓመት ሞዴል እየቀየሩ ስለተጠቀሙበት ብዙ ቦዲዎች ዳግም ሊታተሙ አልቻሉም። የጠፋውን ያቆዩት ትርፍ ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ያረጀውን ቦዲ በሲሊኮን ቅርጹን ወስደው በሬዚን ያባዙታል። አሁን ኮምፒውተር ላይ የተነደፈ ዝቅተኛ ጣሪያ በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ታትሞ ይመጣል፤ ምሰሶው ይገጥማል፣ ስቱኮም አያስፈልገውም። ሥራው ንጹሕ ነው። ሆኖም ፋይሉን አውርዶ ያተመው ሰው እንደ 1958ቱ ገዢ ሌላው የመረጠለትን ተቀብሏል፤ ንድፉን ራሱ የሳለው ግን በሌላ መሣሪያ ያንኑ ሂስ እየሠራ ነው። የሙዚየም ሰብሳቢዎች ይህን ለመለየት ያለቀውንና የሚያብረቀርቀውን ሞዴል ብቻ መያዝ አይበቃቸውም፤ ቀለም ያልነካውን፣ ፕላስተሩ ያልተነሣለትን፣ የመጋዙ መስመር የሚታይበትን ቦዲም ከጎኑ ማስቀመጥ አለባቸው።