«ፈጥኖ መጣ» ወይስ «በፈጣን ሁኔታ መጣ»? ሰው ሠራሽ ቋንቋዎች ከነቀምት ሲታዩ

እስቲ አዲስ ቋንቋ ሥሩ ተባላችሁ እንበል። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ ወይም ስዊድንኛ የሚናገር ሰው ብዙም ሳይማረው ሊረዳው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረው ፎልክስፕራክ የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ቅጽልና ተውሳከ ግሥ ላይ ስትደርሱ ግን ዘመዳሞቹ አይስማሙም። እንግሊዝኛ «ክዊክ» ላይ «ሊ» ይጨምራል፤ ስዊድንኛ «ስናብ» ላይ «ት» ይጨምራል። ጀርመንኛ «እንዴት መጣ?» ሲባል «ሽኔል» የሚለውን ቅጽል እንዳለ ያስገባል፤ ከስም በፊት ሲሆን ግን መድረሻ ይቀጥልበታል። በ1887 የወጣው የዛሜንሆፍ ኤስፔራንቶ ነገሩን አጽድቶታል፦ «ራፒዳ» ቅጽል፣ «ራፒዴ» ተውሳከ ግሥ። አለቀ።

ጥሩ ሥራ ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? «ቀላል» ሲባል ለማን እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። ነቀምት ላይ በኦሮምኛ «ደፌ ዹፌ» ይባላል፤ ሴት ከሆነች «ደፍቴ ዹፍቴ»። በአማርኛም «ፈጥኖ መጣ»፣ «ፈጥና መጣች»። አያችሁ? «እንዴት?» የሚለውን የመለሰው ሌላ ግሥ ነው፤ እሱም ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። ቅጽሉም የራሱ መንገድ አለው። «መነ ጉዳ» ሲባል ቤቱ ይቀድማል፣ ትልቅነቱ ይከተላል። ሲበዛ «ጉጉዳ» ይሆናል፤ ልክ የእኛ «ትልቅ» «ትልልቅ» እንደሚሆነው። የወለጋ ልጅ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማንም ሳያስተምረው ነው። ለእሱ «ራፒዴ» አዲስ ሸክም ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ያሳተመው በ1899 ነው፤ በ1904 ነቀምት ገባ። አስቴር በቃል የምታውቃቸውን ዘፈኖችና ተረቶች ጽፋለች። ለጽሑፍ አዲስ የሆነ ቋንቋ ሲያዘጋጁ ሰዋስው አልፈጠሩም፤ ከተናጋሪው አፍ ወሰዱ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ይህ የሩቅ ሰዎች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በአማርኛ ሳይንስ ስንጽፍ የእንግሊዝኛውን «ሊ» ባየን ቁጥር «በ… ሁኔታ» እንለጥፋለን። «ውሃው በፈጣን ሁኔታ ፈላ» እንላለን፤ «ቶሎ ፈላ» ማለት እየቻልን። ሳናውቀው እኛም ሰው ሠራሽ አማርኛ እየነደፍን ነው። በእርግጥ «በሳይንሳዊ መንገድ» ዓይነቱ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ የሚተካው ግሥ የለማ። ልማድ ሲሆን ግን ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ተማሪውም ሳይንሱ የከበደው ይመስለዋል። የከበደው ግን አማርኛው ነው።

እስቲ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ «በ… ሁኔታ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አውጡና ለታናሽ እህታችሁ እንደምትነግሯት አድርጋችሁ ጻፉት። ትርጉሙ ካልጎደለ ያ «ሁኔታ» መጀመሪያውኑ አላስፈለገም ማለት ነው።