የአየር ሰው በምድር ሙሾ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ባለችው ገሳይ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ለቅሶ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሟቹ በቀድሞው ሠራዊት የሄሊኮፕተር ክፍል አዛዥ የነበሩ፣ በአገሬው ዘንድም የተከበሩ መኮንን ናቸው። በድንኳኑ ውስጥ ሁለት የመታሰቢያ ድርሰቶች ሰማሁ። አንዱ ከወረቀት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ ሌላው አስለቃሿ ያወረደችው ሙሾ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ቢናገሩም ያሳዩኝ ግን አንድ ሰው አልነበረም። የዚህ ኂስ መነሻ ይኸው ልዩነት ነው።

የሕይወት ታሪኩ ቅርፅ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ልደት፣ ትምህርት፣ ቅጥር፣ ማዕረግ፣ ሜዳይ፣ ጡረታ፣ የልጆች ብዛት በተራ ይዘረዘራሉ። ጸሐፊው ከውጊያው ዘመን ሲደርስ ግን የራሱ ቋንቋ ያልቅበትና ከፉከራ ይበደራል፤ «ጠላትን ያርበደበዱ»፣ «ግዳይ የጣሉ» ይላል። ቅሬታዬ ቃላቱ ተጋንነዋል የሚል አይደለም። ማጋነን ለፉከራ ባሕርዩ ነው። ችግሩ የፉከራው ጀግና በእግሩ የቆመ፣ ጠላቱን ፊት ለፊት ያየ፣ አጠገቡ የዋለ ጓደኛው የሚመሰክርለት ሰው መሆኑ ላይ ነው። የአየር ሰው ምስክሮች ሌሎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከእርሱ ጋር የተሳፈሩ፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከታች ሆነው ቀና ብለው ያዩት ናቸው። የተዋሰው ቋንቋ ለእነዚህ ስፍራ የለውም።

ይህ አካባቢ የጦር አዛዥን ለማስታወስ አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የወደቀው ፊታውራሪ ገብርዬ ከጌታው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር በቃል ግጥም እስከ ዛሬ ይነሣል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖልም ይታወሳል። ሆኖም ስለ መድፉ በሚነገረው ትረካ ውስጥ የሚገዝፈው ተኩሱ ሳይሆን ክብደቱ ነው። ወራት የፈጀው ጉተታ፣ የተጠረገው መንገድና የጎተተው ሕዝብ ታሪኩን ተሸክመውታል። ከዚህ እንደምረዳው ሥነ ቃላችን ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም፤ መሣሪያውን የሚያስታውሰው ግን ከሰው ትከሻ ጋር አያይዞ ነው።

የሄሊኮፕተርም ነገር ከክብደት አይለይም። ኤም አይ 8 የተባለው ሄሊኮፕተር 24 ወታደሮችን ወይም 12 የቃሬዛ ቁስለኞችን እንዲጭን የተሠራ ነው። ጉናን በመሰለ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ ግን የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚነሣው ሸክም ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ያረፈ አዛዥ ስንት ቁስለኛ እንደሚጭን፣ ማንንም እንደሚተው የመወሰን ዕዳ አለበት። በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ጀግንነትም ሰቆቃም ያለው ከዚያች ሰዓት ላይ ነው። የተነበበው ወረቀት ስለዚህች ሰዓት አንድ ቃል አልነበረውም።

አስለቃሿ ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን በሙሾዋ መጀመሪያ ጉናን ጠራች፤ ቀጥላ ሟቹን ስንቱን አንሥተው ስንቱን ትተው እንደ ሄዱ ጠየቀቻቸው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጥያቄው ሁለት ፍች ነበረው። በአንድ በኩል ዛሬ ትተዋቸው የሄዱትን ቤተሰቦች ይመለከታል፤ በሌላ በኩል በዚያን ዘመን መሬት ላይ የቀሩትን። በ1982 ዓ.ም. ጦርነት ደብረ ታቦርን ያዳረሰ ሲሆን፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና በጋይንት አልፎ ከከተማዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ሰማይ ሲያጓራ ቀና ብሎ ማየትን የሚያውቅ ሕዝብ የሚጭነውን ኤም አይ 8ን ብቻ ሳይሆን የሚተኩሰውን ኤም አይ 24ንም ያስታውሳል። ሙሾዋ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ያዘቻቸው።

የጽሑፍ ትውስታችንም ከዚሁ ችግር ነፃ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ሲያዝና ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ሄሊኮፕተሮች ሠራዊትና መሣሪያ በተራራው ላይ አሻግረዋል፤ ይሁን እንጂ ካነበብሁት ውስጥ ትረካው በአብዛኛው የምድር ትረካ ነው። የተዋጊ ጄት አብራሪው ለገሠ ተፈራ ስሙ ሲነሣ የሚታወሰው ከሁሉ በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ባሳለፈው 11 ዓመት ነው። የአየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ጄኔራል አምሐ ደስታና ከእርሳቸው በፊት ያዘዙት ጄኔራል ፋንታ በላይ የሚታወሱት በግንቦት 1981 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ነው። እንግዲህ የአየር ሰው ከድርሰታችን የሚገባው መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ደረጀ ደምሴ በዚያው ሙከራ አሥመራ ላይ ስለ ተገደሉት አባቱ ስለ ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ በጻፈው መጽሐፍ «አባቴ ያቺን ሰዓት» የሚል ርእስ መምረጡ ትምህርት ይሰጣል። ርእሱ ማዕረግን ሳይሆን ሰዓትን ይጠይቃል።

ለቅሶ የፍርድ ሸንጎ አይደለም፣ ያዘነን ቤተሰብ በጥያቄ ማስጨነቅ አይገባም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔም በኀዘን ቀን ሰው ይወቀስ አልልም። ነገር ግን አስለቃሿ በጠየቀች ጊዜ ቤተሰቡ አልተቆጣም፤ የሟቹ ታላቅ ልጅ በዚያች ስንኝ ላይ ነው ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው። ወረቀቱ ሲነበብ ግን ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አንድ መታሰቢያ ሟቹን የሚያከብረው ሸክሙን ሳይሰርቅ ሲነግርለት ይመስለኛል።

የሥነ ቃል ተማሪዎቻችን ሙሾን ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ በዚያው ድንኳን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ግን ከሥነ ጽሑፍ ስለማይቆጥሩት ከቀብር በኋላ እንደ ተጣጠፈ ከሰው ኪስ ይቀራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰብስበው ቢመረመሩ መልካም ነው። እኔ የዚያን ቀኑን ወረቀት ከአንባቢው ለምኜ ወስጃለሁ። የሙሾዋን ግጥም ግን በጊዜው ስላልጻፍሁት ከእጄ የቀረው ጥያቄው ብቻ ነው።