«የላም በረት» ካሉ በኋላ አፍ ማዘጋት

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት፣ ለተረት ሰዓት ይዣት ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንባቢዋ ወጣት ናት፣ ድምጿም ያምራል። «ተረት ተረት!» ስትል «የላም በረት!» የሚለው መልስ መስኮቱን አነቃነቀው። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጎበዞች! አሁን ሁላችሁም ጣት ከንፈር ላይ።»

ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል የሰማነው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው። ተረቱ ከበረት እየገባ ስለሚሰርቅ ጅብ ነበር። መጨረሻ ላይ ጅቡ ገደል ገብቶ ሲሞት የእህቴ ልጅ ብድግ አለችና «ልጆች የሉትም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ጥያቄ ስንጨርስ፣ የኔ ቆንጆ።» ስንጨርስ ግን ጠያቂዋ አንባቢዋ ሆነች፦ «ከዚህ ተረት ምን ተማርን?» ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አለመስረቅ!» አሉ። ተጨበጨበ፣ ወጣን።

ስለ ፊልም፣ ስለ ልቦለድ፣ ስለ ቴአትር ሂስ እንጽፋለን። የተረት ሰዓትን ግን «ለልጆች እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ መድረክ ነው ባይ ነኝ። መድረክ ከሆነ ደግሞ ይተች።

የቅዳሜው ዝግጅት ትልቁ ጉድለት «የላም በረት»ን እንደ ትምህርት ቤት ደወል መጠቀሙ ነው። ደወሉ ተደወለ፣ ክፍል ተጀመረ፣ ዝም በሉ። ያ መልስ እኮ ፈቃድ ነው፤ «እዚህ አለን፣ ቀጥል» ማለት ነው። አድማጭን አንዴ አስመልሶ ወዲያው አፉን ማዘጋት እንግዳን «ግባ» ብሎ በር ላይ እንደ ማቆም ነው። (አያቶቻችን አንድም ቀን «ዝም በል!» ብለውን አያውቁም እያልኩ አይደለም። ብለውናል፣ ያውም በቁጥጫ።) አባባ ተስፋዬን አስቡ። ካሜራ ፊት ተቀምጠው ልጆችን ጤና ይስጥልኝ ሲሉ፣ በየቤቱ ያለው ልጅ ለቴሌቪዥኑ አጸፋውን ይመልስ ነበር። እሳቸው ልጆቹን አይሰሟቸውም፣ ግን እንደሚሰሙ ሆነው ያወሯቸው ነበር። ሠላሳ ልጅ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ከዚህ ማነስ የለበትም።

ጉዳዩ የናፍቆት ብቻም አይደለም። ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ጥናት አሳተሙ። ለአንድ ወር ያህል የተወሰኑ ወላጆች ቤታቸው ሲያነቡ ክፍት ጥያቄ እንዲጠይቁ፣ ልጁ የሚለውን እንዲቀበሉና እንዲያሰፉለት አሠለጠኗቸው። የእነዚህ ልጆች የንግግር ችሎታ እንደወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። ክፍት ጥያቄ ማለት «ምን ተማርን?» አይደለም። እሱማ መልሱ ቀድሞ የታወቀ ፈተና ነው። «ጅቡ አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ግን መልሱን አንባቢዋም አታውቀውም።

ሁለተኛው ነገር ንባቡ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ዋና» መዋኘት ይሁን አለቃ፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «አልደረሰም»፣ ገጹ አይነግርህም። የተረት ዋነኛ ግስ ደግሞ «አለ» ነው። «ጅቡ አለ» የሚለውን አላልተህ ካነበብከው ጅቡ ተናገረ፣ አጥብቀህ ካነበብከው ጅቡ በረት ውስጥ ነው! አንባቢዋ «ጅቡ በበሩ በኩል አለ» የሚለው ላይ ስትደርስ አላልታ አነበበችው፣ ቆመች፣ ተመልሳ አጠበቀችው። ልጆቹ ሊደነግጡ የነበረበት ቦታ ነበር። ድንጋጤው እዚያው ቀረ። መፍትሔው ውድ ሥልጠና አይደለም፤ ከአንድ ቀን በፊት ጮክ ብሎ ማንበብ፣ የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ፣ በቃ።

የመጽሐፍ አማርኛስ? «እጅግ ተርቦ ስለነበረ ወደ በረቱ አመራ» የሚለውን ወደ ቤት አማርኛ እንለውጠው የሚሉ አሉ። ሁሉን መለወጡ አይዋጥልኝም። ልጅ እንግዳ ቃል ይወዳል፤ የእህቴ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ሲዘገይባት «እጅግ ተርቤያለሁ» ማለት ጀምራለች። መቆረጥ ያለበት ርዝመቱ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ ትንፋሹ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ምንጣፍ ላይ ለተቀመጠ ልጅ አይሆንም።

አንባቢዋን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። እኔም ዓምና በጎ ፈቃደኛ ሆኜ አንድ ቀን አንብቤያለሁ። ቀድሜ አላየሁትም ነበር። የጅቡን ድምፅ ከመጠን በላይ ስላሳመርኩት አንድ ሕፃን እያለቀሰ ወጣ፣ ሁለተኛም አልተጋበዝኩም። ሥራውን ማንም አላሳየኝም፤ እሷንም ያሳያት ያለ አልመሰለኝም። ለዚህ ሙያ ያለን ምሳሌ ግን ትንሽ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ፤ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። መጽሐፉም ቤቱም ያኔ ታሰበበት። ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ግን ዛሬም «ማንበብ እስከቻለ ማንም ይሆናል» እንላለን። አንድ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በወር አንዴ አንባቢዎቹን ሰብስቦ እርስ በርስ እንዲሰሙ ቢያደርግ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ልጆቹ የት ላይ መንቀሳቀስ እንደ ጀመሩ ቢጽፍለት፣ ወጪው የሻይ ነው።

ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን ደገመችው። የማጽናኛ መልስ ልፈጥር ነበር፤ ተውኩትና «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ሦስት አሉት» አለች። «ትንሹ አልተኛም፤ አባቱን እየጠበቀ ነው።»

«ታዲያ ማን ይንገረው? ጦጣዋ?»

አሰበች። «ጦጣዋ ውሸታም ናት። አያቱ ትንገረው።»