ከመልሱ በፊት ጥያቄው

አሶሳ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ወርክሺትና ከነመልሱ የተባዛ የቀድሞ ዓመታት ፈተና ይዘው ይመጣሉ፤ ሥራቸውም መልሱን መሸምደድ ነው። ሰነፎች ግን አይደሉም፤ ሌሊቱን ሲያነጉት የሚያድሩ ልጆች ናቸው። እንዴት እንደሚነበብ ያሳያቸው ሰው የለም።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ስለ መምህራን፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ኩረጃ ብዙ ተብሏል። በእኛ ክልል ደግሞ የመተከልና የካማሺ ግጭት ልጆችን ከነቤተሰባቸው አፈናቅሎ ከትምህርት ገበታ ነጥሏቸዋል። ይህን አንድ አስጠኚ አይጠግነውም። ንባብን ማስተማር ግን ይችላል።

የበርታ ወይም የጉሙዝ ልጅ እናቱን በአፍ መፍቻው ያናግራል፣ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ይግባባል፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ለእሱ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም አፕቲቲዩዱም መጀመሪያ የንባብ ፈተና ነው። ለምሳሌ «ዲኤንኤ ውስጥ የማይገኘው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ምርጫዎቹ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ዩራሲልና ጓኒን ናቸው። ልጁ ዲኤንኤን ጠንቅቆ ያውቃል። «ኖት» የምትለዋን ቃል ግን ዘሏታልና ገና አዴኒንን ሲያይ «ሀ»ን ያጠቁራል። በቃል ስጠይቀው ዩራሲል አርኤንኤ ውስጥ እንደሚገኝ ሳያመነታ ይነግረኛል። «ቲቸር፣ አውቀው ነበር እኮ!» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ምርጫዎቹን በእጃቸው ሸፍነው ጥያቄውን እንዲያነቡ አደርጋለሁ። «ኖት»ን እና «ኤክሰፕት»ን ያከብባሉ፤ ከዚያ የተጠየቁትን በገዛ ቋንቋቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። በኮምፒውተር የሚፈተን ልጅ ማክበብ አይችልምና ቃሏን በለሆሳስ ይድገማት። መጀመሪያ ሰሞን ሥራው ይንቀረፈፍባቸዋል፣ ይሰለቻሉም። እኔ ግን አልለቃቸውም።

የተሳሳቱትን ጥያቄ ደግሞ በደብተራቸው ሦስት ቦታ ይመድባሉ፤ ያላወቁት፣ አውቀው በንባብ የሳቱት፣ ሰዓት ያለቀባቸው። ያላወቁት ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይመልሳቸዋል። በንባብ የሳቱትን ግን መጽሐፍ መደጋገም አያድነውም፤ የሚያድነው ጥያቄ ማንበብን መለማመድ ነው። ልጆቹ ይህን ልዩነት በራሳቸው ደብተር ካዩ በኋላ «አይገባኝም» ማለት ይቀንሳሉ።

መማሪያ መጽሐፉ ሲነበብም ደንቡ አንድ ነው፤ አንድ አንቀጽ አንብብ፣ ዝጋ፣ ንገረኝ። በርታኛ ቢሆን ግድ የለም፤ እንግሊዝኛው ይከተላል። ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡና አንብበው በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው የሞከሩት 56 በመቶውን፣ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶውን አስታወሱ። ፈተና ደግሞ ካነበቡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም። ቁርዓን ቤት ያለፈ የአሶሳ ልጅ ለዚህ ልምድ እንግዳ አይደለም፤ ሸኹ ፊት ቆሞ በቃሉ አሰምቷል። እኔ የምጨምርበት ትርጉሙን በራሱ አንደበት እንዲያብራራ ነው።

ወላጆችና ታላላቆች ሆይ፣ እንግሊዝኛ ባትችሉም ልጁን መርዳት ትችላላችሁ። ማታ መጽሐፉን ተቀበሉትና «ዛሬ ያነበብከው ምን ይላል?» በሉት፤ በቤታችሁ ቋንቋ ይንገራችሁ። ካልገባችሁ ተመልሶ ያንብብ።