ምንም የሚባል ንጉሥ

የሆሜር ኦዲሴዎስ ከአንድ ዓይናው ጭራቅ ዋሻ ያመለጠው በስም ነው። ስሜ «ማንም» ነው ብሎ ይነግረዋል። ሌሊት ዓይኑን ሲያጠፋው ጭራቁ «ማንም ገደለኝ» እያለ ይጮኻል፤ ጎረቤቶቹም ማንም ካልነካህማ ምን ያስጮህሃል ብለው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችውና በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ በገባው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ልቦለዷ፣ ንጉሡን የሚመስለውን ሰው «ምንም» ብላዋለች። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለፈረንጅ አንባቢ የስሙን ትርጉም ማስረዳት ነበረባት። ለእኛ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ይሠራል። ምንም መጣ። ምንም ፈረስ ላይ ወጣ። ሠራዊቱ ምንምን ተከትሎ ዘመተ። የኦዲሴዎስ ቀልድ አንድ ሌሊት ብቻ ያገለገለ ማምለጫ ነው፤ የመዓዛ ቀልድ ግን አገር ይሸከማል። በጣሊያን ወረራ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ሲሰደዱ፣ አርበኛው የቀረው ከምንም ጋር ነበራ!

ልብሱንም ተመልከቱ። በ«ኢሊያድ» አኪሌስ ተቆጥቶ ከጦርነት ሲቀር፣ ወዳጁ ፓትሮክሎስ የእሱን ጥሩር ለብሶ ይወጣል፤ ትሮያውያን አኪሌስ የተመለሰ መስሏቸው ይደነግጣሉ። መዓዛ ይህን ልብስ ለምንም አልብሳ የድንጋጤውን አቅጣጫ አዙራዋለች። የእሷ ልብስ የሚሠራው በጠላት ላይ ሳይሆን ተስፋ በቆረጠው ወገን ላይ ነው። ደግሞ በአማርኛ «ጥላ» ሁለት ነገር ነው፤ ከሰው ኋላ የሚጎተተውም፣ በንጉሥ ራስ ላይ የሚዘረጋውም። የመጽሐፉ ርእስ በእኛ ቋንቋ ቢነገር ያለ ምንም ድካም እጥፍ ይሆን ነበር።

ጠቡ የሚነሳበት መንገድም የሆሜር ነው። አጋሜምኖን የአኪሌስን ምርኮኛ ሴት ይነጥቀዋል፤ ቁጣው ከዚያ ይጀምራል። እዚህ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ሂሩት አባቷ ያወረሳትን ውጅግራ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል። እዚያ ሴቷ የሚነጠቅ ዕቃ ነበረች፤ እዚህ የተነጠቀችው እሷ ናት፣ የምትቆጣውም እሷው። ታሪኩን ለመገልበጥ አንድ ጠመንጃ በቃ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ስፌት አላየሁም።

ከሁሉም ደፋሩ ሥራ ግን «ኮረስ» የምትላቸው አጫጭር ምዕራፎች ናቸው። በግሪኮቹ ትያትር ኮረስ በመድረኩ ዳር ቆሞ በአንድ ድምፅ የሚያዝን፣ የሚያስጠነቅቅ የሰዎች ቡድን ነው። የጥንቱን ትያትር በንባብ ብቻ ሳውቀው ይህ ነገር ሰው ሠራሽ ይመስለኝ ነበር። ደሴ ሆጤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሙሾ አውራጇ አንድ ስንኝ ስታወርድ፣ ሴቶቹም በአንድ ትንፋሽ ሲቀበሏት ነው የገባኝ። ሙሾ አውራጅ የሟቹን ልጅነት ታውቃለች፣ ገና ያልተነገረውን ታውቃለች፣ የቤተሰቡን ነውር እንኳ በሰምና ወርቅ ትነካዋለች። መዓዛ ከአቴና የወሰደችው ቅርጹን ነው፤ ድምፁ የእኛው ለቅሶ ነው። በንግግሮቹ ላይ ጥቅስ አለማድረጓም ለዚህ ይረዳታል፤ የተናጋሪውና የአልቃሹ ድምፅ ይቀላቀላል። አንድ ነገር ግን ልውቀሳት። አንዳንድ ቦታ ኮረሱ ማቆም ያቅተዋል፣ እኛ ማልቀስ የሚገባንን እሱ ያለቅስልናል። ጎበዝ ሙሾ አውራጅ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች።

«ፎቶ» የሚሉት ገጾችም አሉ። ጣሊያናዊው ወታደር ኤቶሬ እስረኞች ወደ ገደል ሲወረወሩ ያነሳቸውን ምስሎች በቃል ትስላቸዋለች፤ ሆሜር የአኪሌስን ጋሻ እንደሳለው።

የደሴ ሰው ግን ንጉሡ ብቻቸውን የሚታዩባቸውን ገጾች ቀስ ብሎ ማንበብ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ በሸክላ የቬርዲን «አይዳ» ያዳምጣሉ፤ በ1871 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን፣ በግብፅ ስለተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚተርከውን ኦፔራ። ከሙዚቃው ጋር የሟች ልጃቸው የልዕልት ዘነበወርቅ ትዝታ ይመጣል። ለኃይለ ሥላሴ ጉግሳ በልጅነቷ የተዳረች ናት፤ ሰውየውም ጦርነቱ ሲጀመር ለጣሊያን ገባ። ለመርከቦቹ ነፋስ እንዲነሳ ልጁን ኢፊጌንያን የሠዋው አጋሜምኖን ስሙ አልተጠራም፤ መጠራትም አልነበረበትም። እኚሁ ንጉሥ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የታዩትም ያን ቀን ነው። ከጦሳ ግርጌ ላደገ አንባቢ፣ በአንድ ንጉሥ ውስጥ ተኳሹንና በሸክላ ዜማ የሚያዝነውን አባት አብሮ ማየት ቀላል አይደለም። መዓዛ ሁለቱንም ሳትቀንስ አስቀምጣለች።

የዚህ ሁሉ መነሻ ከግሪክ አልመጣም። ክተት ሲታወጅ የመዓዛ ቅድመ አያት የቤቱ በኩር ነበረች፣ አባቷ ግን ጠመንጃውን ለባሏ ሰጠው። ዳኛ ፊት ቆማ አባቷን ከሰሰች፤ ረታች፤ ጠመንጃውን ይዛ ዘመተች።