ከሂሳብ የወጣው ስብ

በዩናይትድ ስቴትስ የትምህርት ቤት ምሳ በሕግ ከተደነገገበት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወተት ከተማሪዎች ትሪ አልተለየም። ሲያከራክር የኖረው የወተቱ ዓይነት ነው። በ2010 የወጣውን ሕግ ተከትሎ ከ2012 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ቅባቱ የወጣለት ወይም 1 በመቶ ቅባት ያለው ወተት ብቻ እንዲያቀርቡ ተወስኖ ነበር። በጃንዋሪ 2026 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ቅባቱ ያልተቀነሰ ወተትንም፣ ጣዕም የተጨመረበትን ጨምሮ፣ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል።

ፈቃዱ በራሱ ብዙ የሚነቀፍ አይደለም። በ2020 በአሜሪካ የሥነ ምግብ ጆርናል የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፣ ቅባቱ ያልተቀነሰ ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ ሁሉ የምልከታ ጥናቶች ናቸው፤ ልጇ የከሳባት እናት ቅባታሙን ወተት መርጣ ይሆናል። ስለዚህ ውጤቱ የቀድሞውን ክልከላ ቢያጠያይቅም ለአዲሱ ፈቃድ ማረጋገጫ አይሆንም።

ብርቱ ትችት የሚገባው አንድ አንቀጽ ነው። በፕሮግራሙ ደንብ መሠረት በሳምንት አማካይ ከምሳው ካሎሪ ከሳቹሬትድ ስብ የሚገኘው ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። አዲሱ ሕግ ይህን ጣሪያ ሳይነካ፣ የወተት ስብ በሂሳቡ ውስጥ እንዳይገባ አዟል። ለአንድ ሕፃን 600 ካሎሪ ያለው ምሳ ቢቀርብ ጣሪያው 6.7 ግራም ገደማ ነው። አንድ ኩባያ ቅባቱ ያልተቀነሰ ወተት ብቻውን 4.5 ግራም ያህል ይዟል። ይህ ሳይቆጠር ከቀረ፣ ቺዙና ሥጋው ጣሪያውን ሲሞሉት ሕፃኑ የሚወስደው ከ11 ግራም ያልፋል፤ ይህም ከካሎሪው ወደ 17 በመቶ ይጠጋል። የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ግን ደንቡ እንደተከበረ ያሳያል። የሕፃኑ ጉበት ሕጉን አያነብም። ሕግ አውጪዎቹ የወተት ስብ ከሌላው ስብ የተለየ ነው ብለው ካመኑ፣ ጣሪያውን በግልጽ ከፍ አድርገው መቁጠሩን ማስቀጠል ይችሉ ነበር። አሁን የሕጉን ውጤት ወደፊት መመዘን የሚሻ ባለሙያ መነሻ አኃዙን ከሪፖርቱ አያገኝም። የሚያስገርመው፣ ከ2025 ጀምሮ ጣዕም በተጨመረበት ወተት ውስጥ የሚገባው ስኳር በኩባያ ከ10 ግራም እንዳይበልጥ ተወስኖ መቆጠሩ ነው።

ላክቶስ የሌለው ወተትና በንጥረ ምግብ ይዘቱ ከወተት ጋር የሚስተካከል የዕፅዋት መጠጥ መፈቀዱ፣ ለዚህም የሐኪም ማስረጃ ብቻ ሳይሆን የወላጅ ማስታወሻ በቂ መሆኑ ግን የሚመሰገን ነው። ዕድሜያቸው ሲጨምር ላክቶስን መፍጨት የሚያቅታቸው በርካታ የአፍሪካና የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች፣ ሆዳቸው ሲነፋና ሲያስቀምጣቸው ወተቱን ሳይቀምሱ ይጥሉት ነበር።