የተመላሹ እንቅፋት፦ «ዴርቶጋዳ»ን ዳግም ማንበብ

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲታተም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ትውልድ ዛሬ ልጆች አሳዳጊ ሆኗል። መጽሐፉ በዚያ ትውልድ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ቀላል አልነበረም። በአማርኛ ልብ ወለድ ሰልችቶት የነበረ ወጣት ከጓደኛው ተውሶ ሌሊቱን ሲያነብ ያድር፣ ጠዋት ደግሞ ለሌላው ያስተላልፍ ነበር። «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከትለው ሲወጡ የሚጠብቃቸው አንባቢ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ በቅርቡ እንደገና አነበብኩት፤ አዘንኩ። ያዘንኩት ታሪኩ የማይታመን ስለሆነብኝ አይደለም፤ ምናባዊ ልብ ወለድ የማይታመነውን የማሳመን ሙሉ መብት አለው። ያሳዘነኝ መጽሐፉ ያነሳውን ትልቅ ጥያቄ ራሱ መሸሹ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ተምሮ፣ በሰው ሀገር ትልቅ ደረጃ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ዕውቀቱን ይዞ ወደ ሀገሩ እንዳይመለስ የሚያግደው ማን ነው? የመጽሐፉ ማዕከል የሆነው ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ ስመ ጥር ባለሙያ ነው። ዕውቀቱን ለሀገሩ ሊያደርግ ይመኛል። ሲአይኤን የመሰለ የስለላ ኃይል ደግሞ እሱንም የሚያውቀውንም በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃል። ዶክተር ሚራዥን ጨምሮ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በዚህ ፍጥጫ ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ ጣና ሐይቅና ገዳማቱም የምስጢሩ ማደሪያ ይሆናሉ። መነኩሴንና መንኮራኩርን በአንድ ታሪክ ውስጥ ማገናኘት በአማርኛ ድፍረት የተሞላበት ሥራ ነበር። ይህን ድፍረት ዛሬም አከብረዋለሁ።

ነገር ግን የተመላሹ ታሪክ በአማርኛ ልብ ወለድ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ከጥንቶቹ ጭብጦች አንዱ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ የተጉለቱ ተወላጅ አወቀ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል። የሚጠብቀው ጠላት ማን ነው? የገዛ ዘመዶቹ፣ የሰፈሩ ሰው፣ በተዝካርና በሠርግ ስም ቤት የሚያራቁት ልማድ። አወቀ የሚታገለው ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ስለሆነ ትግሉ ያማል፤ አንባቢውም በቀላሉ ወገን መምረጥ አይችልም። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም.፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ወጣ። አርአያ በፈረንሳይ ሀገር ግብርና ተምሮ መጥቶ ዕውቀቱን ሥራ ላይ ለማዋል ሲነሳ የሚያጋጥመው ለዕውቀቱ ግድ የሌለው የከተማው ሹመኛ ነው። ጣልያን በኋላ ይመጣል፤ አርአያም ይዘምታል። የመጀመሪያው ፈተና ግን ከዚያ በፊት፣ በሀገር ቤት፣ በሰላም ጊዜ የደረሰበት ነው።

እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ከ«ዴርቶጋዳ» ጎን ሳስቀምጣቸው የመከፋቴ ምክንያት ይገለጥልኛል። ኅሩይና ግርማቸው እንቅፋቱን ቤት ውስጥ አገኙት። «ዴርቶጋዳ» ከባሕር ማዶ አደረገው። ሻጊዝን የሚያሳድደው ባዕድ ነው፤ ሀገሩ ዘንድ የሚጠብቀው ፍቅርና ቅርስ፣ ምስጢርና ጥበብ ነው። ሰውየው ቢደርስ ሁሉም ይሆናል የሚል እምነት በየገጹ ሥር አለ። በ17 ዓመቱ ለሚያነብ ልጅ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ እኛ ያልተሳካልን ጠላት ስለከለከለን ብቻ ነው ማለት ነውና። የመጽሐፉ ተወዳጅነት አንዱ ምንጭ ይህ መጽናኛ ይመስለኛል፤ ዳግም ሲነበብ የሚሳሳውም በዚሁ ነው።

ይህንን ጽሑፍ የማዘጋጀው አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ ሆኜ ነው፤ ሰፈሩ ለክርክሬ ስለሚያገለግል ነው የማነሳው። ከመገናኛ በጉርድ ሾላ አድርጎ እስከ አያት የሚዘልቀው ይህ መስመር፣ የሪል እስቴት መንደሮቹን ይዞ፣ ከውጭ ለተመለሱ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዋና መኖሪያ ከሆኑት የከተማዋ አካባቢዎች አንዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ የሆነውን ቢጫ ካርድ ያወጣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ እዚህ ጎረቤት ነው። ካፌ ተቀምጠው የሚያወሩትን ያዳመጠ ሰው የሰላይ ወሬ አይሰማም። የሚሰማው ጉምሩክ ላይ ስለቆመ የሕክምና መሣሪያ ነው፤ ስለ ውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነው፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስለሚንከራተት ፋይል፣ በስብሰባ ምክንያት ቢሮው ስለማይገኝ ፈራሚ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «እዚያ የተማርከው እዚህ አይሠራም» የሚለው የባልደረባ ቃል ነው። ሻጊዝ እጅጉ በእውን ተመልሶ ቢሆን እዚህ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ከዚህ ሁሉ ጋር ይተያይ ነበር። ያ ታሪክ ከማሳደዱ ያነሰ ድራማ አለው የሚለኝ ካለ «አርአያ»ን እንዲያነብ እጋብዘዋለሁ።

የሻጊዝ ስም ለአንባቢ የሚያስታውሰው እውነተኛ ሰው አለ፤ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ። ቦንጋ ተወልደው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ የሠሩት ቅጣው ያረፉት መጽሐፉ ከመታተሙ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1998 ዓ.ም. ነበር። ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ የወጣ ልብ ወለድ መሆኑ በአቀባበሉ ላይ ድርሻ እንደነበረው አያጠራጥርም። ከሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ግን ልብ ወለዱ ያልተጠቀመበት አንድ ውድ ነገር አለ። ቅጣው የተማሩት በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ፣ እዚያው በጣና ዳር የሚገኝ ትምህርት ቤት። አስቡት፦ መጽሐፉ የኢትዮጵያን ሳይንስ ሲፈልግ የሄደበት ሐይቅ ዳርቻ ላይ እውነተኛ የሳይንስ ደጃፍ ነበረ። ወርክሾፕ፣ መምህር፣ ፈተና፣ የገበሬ ልጅ ከማሽን ጋር የሚተዋወቅበት አዳራሽ ነበረ። «ዴርቶጋዳ» ይህንን አልፎ ምስጢሩን መረጠ። የተደበቀ ጥበብ ጠባቂ እንጂ ተማሪ አይፈልግም፤ አይሳሳትም፣ አይፈተሽም፣ በጀት አይጠይቅም። ይህ ለአፈ ታሪክ ይመቻል። ለወጣት አንባቢ ስለ ሳይንስ የሚያስተምረው ግን የተሳሳተ ነገር ነው፤ ዕውቀት የሚገኝ ቅርስ ነው ብሎ ያስተምረዋል፣ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ሳይነግረው።

ምናባዊ ልብ ወለድ ለወጣቶች ሲጻፍ እንዲህ መሆን ግድ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ግዊን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ያሳተመችው የኧርዝሲ ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ ለዚህ መልስ ይሆናል። እዚያ የሚያሳድደው ጥላ ከሌላ ሀገር የመጣ አይደለም፤ ጌድ የተባለው ልጅ በገዛ ትዕቢቱ፣ ለታይታ ሲል የጠራው ነው። አስማትም አለ፣ ዘንዶም አለ፣ ጉዞም አለ። ሆኖም ጠላቱ ከጀግናው ውስጥ ስለወጣ መጽሐፉ ከአንባቢው ጋር ያድጋል፤ በ15 ዓመት አንብቦ የወደደው ሰው በ40 ዓመቱ ሌላ መጽሐፍ ያገኝበታል።

ስለ አጻጻፉ ብዙ ማለት አልፈልግም። ምዕራፎቹ ፈጣን ናቸው፤ አንባቢን በጉጉት የማንጠልጠል ችሎታ ደራሲው ዛሬም አልተነጠቀም። ገጸ ባሕርያቱ ግን ስለ ሀገር ሲናገሩ ሁሉም በአንድ አንደበት የሚናገሩ ይመስላሉ፣ ንግግራቸውም ከጨዋታ ይልቅ ለመድረክ የተዘጋጀ ነው። ይህ ጉድለት ከላይ ካነሳሁት ጋር የተያያዘ ነው። ከወገኑ ጋር የማይጣላ ጀግና በንግግሩ ውስጥ የሚሟገተው ሰው አይኖረውም፤ የቀረው ስብከት ይሆናል።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ዓለም ተቀይሯል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። አብዛኛውን ወጪ ቻይና ሸፈነች፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው ተሳትፈው ተማሩ፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳድድ ሰላይ የለም፤ በሌላ ሀገር ብር ስለሚደረስበት ሰማይ፣ ስለ ልመናና ስለ ክብር፣ ሠልጥኖ የመጣ ወጣት በደመወዝ ማነስ ተመልሶ ስለመሄዱ ወይም ስለመቅረቱ የሚነሱ ጥያቄዎች ግን አሉ። ይስማዕከ እነዚህን ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ሁሉ በ2001 በእጁ ይዞ ነበር፤ ሐይቁን፣ መሐንዲሱን፣ የሚሰማውን ወጣት። ሻጊዝ በሁለት መቶኛው ገጽ ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ እንዲቀመጥ ቢፈቅድለት ኖሮ ተከታዮቹ ሁለት መጻሕፍት የሚናገሩት ሌላ ይሆን ነበር።